የሸክላ ማጫወቻና የወለል ንዝረት

በሸክላ የተቀረጸ ሙዚቃ በጠባብ ቦይ ግድግዳ ላይ የሚገኝ ወጣ ገባ ነው። መርፌው ይህን ተከትሎ ሲርገበገብ እንቅስቃሴው ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይለወጣል። ሆኖም መርፌው የሙዚቃውን እንቅስቃሴ ከወለሉ ንዝረት መለየት አይችልም። ብዙዎች ከማጫወቻው ሥር ጎማ የሚያነጥፉት ለዚህ ነው። ለመሆኑ ጎማ ሁሉ ንዝረትን ያስቀራልን?

ማጫወቻውን በስፕሪንግ ላይ እንደ ተቀመጠ አካል እንቁጠረው። ስፕሪንጉ በክብደቱ የተነሣ ወደ ታች የወረደበትን ርቀት በሜትር ለክተን 0.5ን ለርቀቱ ስኩዌር ሩት ብናካፍል፣ የተፈጥሮ ድግግሞሹን በኸርዝ እናገኛለን። 1 ሚሊሜትር ቢወርድ 16 ኸርዝ ገደማ፣ 1 ሴንቲሜትር ቢወርድ 5 ኸርዝ ይሆናል። (ጎማ ሲናጥ ይበልጥ ስለሚጠነክር እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ ይላል።) ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው ከዚህ ድግግሞሽ 1.4 እጥፍ በላይ ነው። በድግግሞሹ አካባቢ ያለው ንዝረት እንዲያውም ይጎላል፤ ይህም ሬዞናንስ ይባላል። እንግዲህ በማጫወቻው ክብደት ጥቂት እንኳ የማይወርድ ደረቅ ጎማ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለዝቅተኛ ድግግሞሽ ከጌጥነት አያልፍም።

ኤድጋር ቪልቹር በ1961 እ.ኤ.አ. ለገበያ በቀረበው ማጫወቻው፣ ሸክላውን የሚያዞረውን ሳሕንና የመርፌውን ክንድ በአንድ አካል ላይ አያይዞ በስፕሪንጎች አንጠለጠላቸው። ሁለቱ አብረው ሲወዛወዙ መርፌው ከቦዩ አንጻር እምብዛም አይናወጥም።

የእርምጃ ንዝረት ግን በሰከንድ 2 ጊዜ ያህል የሚደጋገም ስለሆነ፣ በሚለጠጥ የእንጨት ወለል ላይ ለስላሳ ስፕሪንግ ችግሩን ሊያብሰው ይችላል። በዚህ ጊዜ በጠንካራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መደርደሪያን እንመርጣለን።