የሕዋስ ሚዜና ነቀርሳ



ይህን ርእስ ያስመረጠኝ የአክስቴ ሕመም ነው። አክስቴ ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ ወርደው፣ ከዚያም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ተመረመሩ። የጡታቸው እብጠት ነቀርሳ መሆኑ፣ በዚያም ላይ «ሄር 2» የተባለ ፕሮቲን እንደ በዛበት ተነገራቸው። ጎረቤት ግን «ጎሜ ነው፤ ምን አጥፍታ ይሆን?» አለ። አክስቴም «ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ በእውነት ጥፋቴ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። መልሱን ለማግኘት ያነበብሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ ሲሠራ መጀመሪያ እንደ ረጅም ክር ነው፤ በትክክል ካልተጣጠፈ ግን ለሥራ አይበቃም። ሙቀትም እጥፋቱን ያፈርሰዋል፤ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው ስለዚህ ነው። ይህን ጉዳት የሚከላከሉ ረዳት ፕሮቲኖች አሉ። የነዚህን ፈለግ እ.ኤ.አ. በ1962 ያስጀመረው ኢጣልያዊው ፌሩቾ ሪቶሳ ሲሆን፣ የዝንብ እጭ ሲሞቅ በክሮሞሶሙ ላይ አዳዲስ እብጠቶች መታየታቸውን ጻፈ።

እኔ እነዚህን ረዳቶች ሚዜ እላቸዋለሁ። ሚዜ ሙሽራውን አልብሶ ያጅባል እንጂ ራሱ አያገባም። እነርሱም ሌላውን ፕሮቲን አጣጥፈውና ደግፈው ይለቁታል።

ከሚዜዎቹ አንዱ ኤች ኤስ ፒ 90 ይባላል። ሄር 2 ደግሞ በሕዋስ ሽፋን ላይ ተተክሎ «እደግ፣ ተከፈል» የሚለውን ትእዛዝ ፎስፌት በመለጠፍ ወደ ውስጥ ከሚያስተላልፉት ተቀባይ ኪናዞች ወገን ነው። ጂኑ ያለ ልክ ሲባዛ ሄር 2 ይበዛል፤ ትእዛዙም አያቋርጥም። ከ100 የጡት ነቀርሳዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ናቸው።

ሄር 2 ያለ ሚዜው አይጸናም። ጌልዳናማይሲን የተባለው ንጥረ ነገር ሚዜው ጉልበት የሚያገኝበትን ቦታ ሲይዝበት፣ ሄር 2 የመወገድ ምልክት ተለጥፎበት ይፈጫል። ሆኖም ጉበትን ስለሚጎዳ ለሕክምና አልበቃም። ጤነኛ ሕዋስም ያለ ሚዜ አይኖርምና ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቢሆንም ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ሚዜ የሚገታውን ፒሚቴስፒብን ለአንድ ዐይነት የጨጓራና የአንጀት ዕጢ ፈቅዳለች።

ስለዚህ ለአክስቴ «ጥፋትዎ አይደለም፤ ጂን ተባዛ፣ የሰውነትዎ ረዳትም ክፉና ደግ ሳይለይ ደገፈው» አልኋቸው። እርሳቸውም «እንግዲያስ ለምን እደብቃለሁ?» አሉ። እናቶቻችንና እኅቶቻችንም እብጠት ሲያዩ ሳያፍሩና ሳይደብቁ ቶሎ ይመርመሩ እላለሁ።