ያልተጻፈው ጉዳት፡ የፈቃደኝነት የደህንነት ፕሮግራም በግንባታ ሥራ

ለተግባር ልምምድ ሳይት ላይ በነበርኩበት ጊዜ ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ ከታይም ኪፐሩ ጋር መዝገብ መያዝ ነበር። አንድ ቀን አንድ የቀን ሠራተኛ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ፎርማኑ የመታከሚያ ገንዘብ ሰጥቶ ሸኘውና ወደኔ ዞሮ «እሱን ተወው፣ አትጻፈው» አለኝ። እኔም አልጻፍኩትም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ ያ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሁሉንም ሳይት ሊያዳርስ አይችልም። በዩናይትድ ስቴትስ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ሕግ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ኦሻ ይባላል። ካሊፎርኒያ በ1979 ሙከራ ከጀመረች በኋላ ኦሻ በ1982 «የፈቃደኝነት ጥበቃ ፕሮግራሞች» የሚባለውን አሠራር በይፋ አስተዋወቀ። ማንም ሳያስገድደው ድርጅቱ ራሱ ያመለክታል። ገምጋሚዎች መጥተው ሰነድ ያያሉ፣ ሳይቱን ይዞራሉ፣ ሠራተኞችን ያነጋግራሉ። መስፈርቱን ያሟላ «ስታር»፣ ጥቂት የቀረው ደግሞ «ሜሪት» ይባላል። የሚታየው የአመራሩ ቁርጠኝነትና የሠራተኛው ተሳትፎ፣ የአደጋ ምንጮች ጥናት፣ መከላከያውና ሥልጠናው ነው።

ድርጅቱ በምላሹ ከታቀደ መደበኛ ፍተሻ ነፃ ይሆናል። ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው ይስታታል፤ ሰው ከሞተ ወይም ሠራተኛ አቤት ካለ ተቆጣጣሪው መምጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ለስታር ደረጃ የጉዳት መጠን ከዘርፉ አገር አቀፍ አማካይ በታች መሆን አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፡ የተመዘገቡ ጉዳቶችን በ200,000 አባዝቶ በጠቅላላ የሥራ ሰዓት ማካፈል። 200,000 የመጣው 100 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት ሲሠራ ከሚሆነው ሰዓት ነው። 60 ሠራተኛ ያለው ሳይት በዓመት 120,000 ሰዓት ሠርቶ 3 ጉዳት ቢመዘግብ ውጤቱ 5 ይሆናል። ሁለቱን «ተወው» ቢባልስ? 1.67 ይወጣል! መወጣጫው ያው ነው፣ ቀበቶ ያላሰረው ሠራተኛም ያው ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። እንደኔ አመለካከት የፕሮግራሙ ትልቁ ድክመት እዚህ ላይ ነው። የሚያሸልመው ቁጥር ራሱ ለመደበቅ ይገፋፋል። በግንባታ ደግሞ ይብሳል፤ ንዑስ ተቋራጩ የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ይዞት ይሄዳል፣ የተጎዳውን ማን እንደሚቆጥረው እንኳ አይታወቅም።

አሜሪካኖቹም ችግሩን አላጡትም። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2009 ባወጣው ሪፖርት መስፈርቱን የማያሟሉ ቦታዎች፣ ሰው የሞተባቸውም ጭምር፣ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደቆዩ ገልጾ ኦሻን ነቅፏል። በ2011 ደግሞ ኦሻ ሠራተኛው ጉዳቱን እንዳያሳውቅ የሚያደርግ የማበረታቻ ሽልማትን የሚመለከት ማሳሰቢያ አወጣ። «ወሩ ያለ አደጋ ካለፈ ለሁሉም ጉርሻ» ሲባል ጣቱ የተቆረጠው ሰው የጓደኞቹን ገንዘብ ላለማሳጣት ዝም ይላላ!

ወደኛ አገር ስንመጣ አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን ጉዳት እንዲመዘግብና ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድዳል። ስለዚህ መዝገቡ የፈቃደኝነት ጉዳይ አይደለም። ፈቃደኝነቱ ከዚያ በላይ ያለው ነው፡ ለጥቂት የተረፉ አደጋዎችን መጻፍ፣ የቀን ሠራተኛውን ጠዋት ጠዋት ስለ መወጣጫው መጠየቅ፣ «እዚህ ላይ አልወጣም» ያለውን ሰው አለማባረር። አንዳንድ ጓደኞቼ ለኛ ይህ ቅንጦት ነው ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ከነዚህ አንዱም ከውጭ የሚገባ ዕቃ አይፈልግም።

ለዲፓርትመንታችን አንድ ሀሳብ አለኝ። ለልምምድ ስንወጣ ከሥራ ማስታወሻ ደብተራችን ጋር የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ ቢሰጠንና መምህሩ ሊጎበኘን ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ቢጠይቀን፣ ለፎርማኑ «ኮሌጁ ያየዋል» ብዬ መመለስ እችል ነበር።