የክብደት መቀነሻ ማኅበራት በእርግጥ ያከሳሉን? የጥናቶች ውጤትና ለከሚሴ አካባቢ ያለው አንድምታ

ክብደት ለመቀነስ የሚፈልጉ ሰዎች ክፍያ እየፈጸሙ በየሳምንቱ የሚሰበሰቡባቸው፣ በሚዛን የሚለኩባቸውና ስለ አመጋገብ የሚመካከሩባቸው የንግድ ማኅበራት በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አስቆጥረዋል። ማስታወቂያዎቻቸው የከሱ ሰዎችን ፎቶግራፍ «በፊት» እና «አሁን» እያሉ ጎን ለጎን ያሳያሉ። ፎቶግራፍ ግን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ማኅበሩን በሁለተኛው ወር ጥሎ የወጣ ወይም ለዓመት ተመላልሶ ምንም ያልቀነሰ ሰው ፎቶግራፍ እንዲነሣ አይጠራምና። ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የተካሄዱ ዋና ዋና ጥናቶችን ይመረምራል፤ ከዚያም ውጤታቸው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በተለይም በከሚሴ ከተማ፣ ምን ትርጉም ሊኖረው እንደሚችል ይፈትሻል።

ጥያቄው ለአካባቢው እንግዳ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶ ያህሉ ከሚገባው በላይ የቀጠኑ ሲሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 8 በመቶ ብቻ ናቸው። በወንዶች ዘንድ ልዩነቱ የበለጠ የሰፋ ነው፤ 33 በመቶው ቀጫጭን፣ 3 በመቶው ደግሞ ከልክ በላይ የወፈሩ ነበሩ። ነገር ግን አማካይ ቁጥር የሚሸፍነው ብዙ ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት በገጠር ሴቶች ዘንድ 4 በመቶ ገደማ ሲሆን በከተማ ሴቶች ዘንድ 21 በመቶ ደርሷል። ከሚሴ ደግሞ ሁለቱ ዓለማት የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የንግድና የአስተዳደር ማእከል ስትሆን፣ ዙሪያዋን ያሉት ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲና ሌሎቹ ወረዳዎች በማሽላ እርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደሩ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ወይም ከቢሮ ወንበር ላይ የሚውለው የከተማው ነዋሪና ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ረግረጋማ ሜዳ የሚወርደው አርብቶ አደር በአንድ ገበያ ይገናኛሉ እንጂ በአንድ ሚዛን አይለኩም።

የማኅበራቱ አነሳስ

ለኋለኞቹ ሁሉ አርአያ የሆነው ዌይት ዋችርስ የተባለው ድርጅት ነው። መሥራቿ ጂን ኒዴች በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ የምትኖር የቤት እመቤት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1961 ክብደቷ 97 ኪሎ ግራም ደርሶ ስለነበር በከተማው የጤና ቦርድ ወደሚካሄድ ክሊኒክ ሄዳ የአመጋገብ መመሪያ ተቀበለች። መመሪያው ጠቅሟታል፤ ያስቸገራት ግን ተደብቃ የምትበላው ብስኩት ነበር። ይህን ገመናዋን ለክሊኒኩ ሠራተኛ መናገር ስላፈረች ስድስት ወዳጆቿን ወደ ቤቷ ጠርታ አወጋቻቸው። እነርሱም የየራሳቸውን ገመና አወጡ። ስብሰባው በየሳምንቱ ቀጠለ፤ የሰዉም ቁጥር በረከተ፤ በ1963 የንግድ ድርጅት ሆነ፤ በ1978 ደግሞ ሃይንዝ ለተባለው የምግብ ኩባንያ ተሸጠ። በእንግሊዝ ስሊሚንግ ወርልድ የተባለው ተመሳሳይ ድርጅት የተቋቋመው በ1969 ነው። ከሁሉም ቀድሞ ግን በ1948 በሚልዋኪ ከተማ የተመሠረተ፣ ትርፍ የማያገኝና በአባላቱ አነስተኛ መዋጮ የሚተዳደር ቶፕስ የሚባል ማኅበር ነበር። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ለኢትዮጵያ ግን ከሁሉም የሚቀርበው እርሱ ነው።

የሙከራ ጥናቶች ምን አገኙ?

አንድ ማኅበር መጥቀሙን ለማወቅ ተሳታፊዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል፣ አንዱን ወገን ወደ ማኅበሩ ልኮ ሌላውን በተለመደው መንገድ ማስኬድ፣ በመጨረሻም ያቋረጡትን ጭምር መቁጠር ያስፈልጋል። በዚህ ዘዴ ከተካሄዱት ቀደምት ጥናቶች አንዱ በ2003 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ሲሆን 423 ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። ወደ ዌይት ዋችርስ የተላኩት በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ 4.3 ኪሎ ሲቀንሱ፣ በራሳቸው እንዲጥሩ አጭር ምክርና የታተመ ጽሑፍ የተሰጣቸው ግን 1.3 ኪሎ ቀነሱ። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ቁጥሮቹ ወደ 2.9 እና 0.2 ወረዱ። ተሳታፊዎቹ ሲጀምሩ ከ90 ኪሎ በላይ ይመዝኑ ስለነበር፣ ሁለት ዓመት የፈጀው ልፋት ያስገኘው ከክብደታቸው 3 በመቶ ያህሉን ነው።

በ2011 በአውስትራሊያ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ 772 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤት የተሻለ ነበር። በሐኪሞቻቸው አማካይነት ወደ ማኅበሩ የተላኩት በዓመቱ 5 ኪሎ ገደማ ሲቀንሱ የተለመደውን የሕክምና ምክር ያገኙት ከ2 ኪሎ ትንሽ በላይ ቀንሰዋል። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው የቆዩት ከመጀመሪያው ወገን 61 በመቶ፣ ከሁለተኛው 54 በመቶ ብቻ ናቸው። በአምስት ሰዎች መካከል ሁለቱ ያቋርጣሉ ማለት ነው፤ ይህም ማስታወቂያዎቹ ፈጽሞ የማያነሡት ሐቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ብዙ የሚያስተምረው በ2017 የታተመውና በእንግሊዝ 1,267 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት ነው፤ ማኅበር መጥቀም አለመጥቀሙን ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ መቆየት እንደሚገባም ጠይቋልና። ሦስት ምድቦች ነበሩ። አንደኛው አጭር ምክርና የራስ መርጃ ጽሑፍ ብቻ አገኘ፤ ሁለተኛው ለ12 ሳምንት፣ ሦስተኛው ለ52 ሳምንት በማኅበሩ ስብሰባ እንዲካፈል ተደረገ። በአንደኛው ዓመት መጨረሻ የቀነሱት በቅደም ተከተል 3.3፣ 4.8 እና 6.8 ኪሎ ያህል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ሦስቱም ምድቦች መልሰው መወፈር ጀመሩ፤ የተረፋቸው 2.3፣ 3.0 እና 4.3 ኪሎ ሆነ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። በስብሰባው ረዥም ጊዜ መቆየት ይጠቅማል፤ ስብሰባው ሲቆም ደግሞ ጥቅሙ መሸርሸር ይጀምራል። ሦስት ወር ተሳትፎ «ጨረስኩ» ማለት ሦስት ወር ብቻ መድኃኒት ወስዶ ዕድሜ ልክ የሚቆይ የደም ግፊትን እንዳቆመ ሰው መሆን ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ምክንያት በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። የ2003ቱንና የ2011ዱን ጥናቶች በገንዘብ የደገፈው ራሱ ዌይት ዋችርስ ነው። ይህ ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፤ ያለ ኩባንያው ቁጥጥር የተሠሩ የግምገማ ጽሑፎችም ተቀራራቢ፣ ምናልባትም ትንሽ ያነሰ ልዩነት አግኝተዋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያመዝናል። በእነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎቹ የስብሰባውን ዋጋ ከኪሳቸው አልከፈሉም። ደመወዙ ለወር አስቤዛ የማይበቃ ሠራተኛ በየሳምንቱ እየከፈለ ለአንድ ዓመት ይዘልቃል ወይ የሚለውን ጥናቶቹ አይመልሱም፤ ለከሚሴ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።

አምስት ኪሎ ምን ያህል ነው?

አራት ወይም አምስት ኪሎ መቀነስ በመስተዋት ፊት ብዙም አይታይ ይሆናል። ለጤና ግን ትርጉም አለው። በ2002 በአሜሪካ የታተመው የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት ለበሽታው የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን መልምሎ፣ የአኗኗር ለውጥ ትምህርት የተሰጣቸው ወገኖች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ አድርጓል። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ58 በመቶ ያነሰ ሆነ። ስለዚህ ማኅበራቱ ሊመዘኑ የሚገባው በሚሰጡት የቅጥነት ተስፋ ሳይሆን በዚህ መጠነኛ ለውጥ ነው። በዚህ ሲመዘኑ ያልፋሉ፤ በማስታወቂያቸው ሲመዘኑ ይወድቃሉ። ባለፉት ዓመታት የወጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎች በ2021 በታተመ ጥናት ወደ 15 በመቶ የሚደርስ ክብደት ማስቀነሳቸው የማኅበራቱን ገበያ አናግቷል፤ ዋጋቸው ግን በኢትዮጵያ ከብዙኃኑ አቅም በላይ ስለሆነ ለዚህ ውይይት ብዙ አይጨምሩም።

ወደ ከሚሴ ሲመጣ

ማኅበር የመመሥረት ልማድ ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት አይደለም። ዕቁብ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይሰበሰባል፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። ዌይት ዋችርስ በብዙ ገንዘብ ያደራጀው ሥርዓት ይኸው ነው፦ የታወቀ ቀን፣ የሚጠብቁ ጓደኞች፣ በመቅረት የሚመጣ ሐፍረት። እንዲያውም ዕቁብ ከንግድ ማኅበሩ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ከንግድ ማኅበሩ አባል ሲሰለች ክፍያውን አቁሞ ይወጣል፤ ከዕቁብ ግን ዕጣ ወጥቶለት ሊጠፋ አይችልም።

ይህ ንጽጽር እንዲያው ምሳሌ ብቻ አይደለም። በ2008 በአሜሪካ የታተመ አነስተኛ ጥናት 57 ሰዎችን ለ16 ሳምንት በሦስት ምድብ ተከታትሎ ነበር። አንዱ ምድብ ያቀደውን ክብደት ከቀነሰ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው የራሱን ገንዘብ አስይዞ ካልቀነሰ ይቀጣል፤ ሦስተኛው በየወሩ ከመመዘን በቀር ምንም የለውም። ዕጣ የገቡት 5.9 ኪሎ፣ ያስያዙት 6.4 ኪሎ፣ ምንም ያልተደረገላቸው ደግሞ 1.8 ኪሎ ቀነሱ። ይህን ያነበበ ወሎዬ ዕቁብና መያዣ መሆኑን ወዲያው ይለያል። ነገር ግን ከሰባት ወር በኋላ በምድቦቹ መካከል የነበረው ልዩነት በስታቲስቲክስ መለኪያ አስተማማኝ መሆኑ ቀርቷል። ዕጣው ሲያልቅ ክብደቱ ተመለሰ።

ለአካባቢው ከዕቁብ ይልቅ እንቅፋት ሊሆን የሚችለው ቋንቋው ራሱ ነው። ሰው ሲወፍር «ተስማምቶሃል» ይባላል፤ ሲከሳ «ምን ሆነህ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ቦርጭ የድሎት ምልክት ሆኖ ቆይቷል፤ መክሳት ደግሞ የችግር፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ ወሬ ያስከትላል። በዚህ ዓይነት ማኅበረሰብ ውስጥ በሰዎች ፊት ተመዝኖ «ሦስት ኪሎ ቀነስኩ» ማለት በኒውዮርክ እንደሚያስጨበጭብ አያስጨበጭብም። ጥርጣሬውም መሠረት አለው። ሳያስቡት የሚመጣ መክሳት የስኳርም የነቀርሳም ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ማንኛውም ማኅበር አባል ከመቀበሉ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጾም ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በዚህ አካባቢ ረመዳን በዓመት አንድ ወር መላውን ከተማ በአንድ የመብል ሰዓት ያስተሳስራል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ የረመዳን ጾመኞች በአማካይ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ይቀንሳሉ፤ ከኢድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ብዙው ይመለሳል። የጾም ዓላማ ክብደት መቀነስ ስላልሆነ ይህ ጉድለቱ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ሆኖም በኢፍጣር ማዕድ ላይ የሚቀርበው ሳምቡሳና በስኳር የጣፈጠ ሻይ ልከኛ ቢሆን፣ ከጾሙም በኋላ አብሮ መብላትና አብሮ መራመድ ቢቀጥል፣ ማንም ክፍያ የማይጠይቅበት የማኅበር ጅምር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው ሥጋት ግን የሚዛኑ ሌላኛው ወገን ነው። «ክሳ» የሚለው ምክር ከታለመለት ነጋዴ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ተሻግሮ ወደ ነፍሰ ጡርና ወደ አጥቢ እናቶች፣ ሲያድጉ በቂ ምግብ ወዳላገኙ ልጃገረዶች ቢደርስ፣ ከሚሰጠው ጥቅም የሚያመጣው ጉዳት ይበልጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ «ልጅሽን በደንብ አብዪ፣ አንቺም ጨምረሽ ብዪ» ሲሉ ኖረዋል፤ ያው ሠራተኛ በማግስቱ ስለ መክሳት ብትሰብክ የትኛው ቃሏ ይታመናል? ስለዚህ ማንኛውም ሙከራ ቢደረግ አባላቱ ተመዝነውና ቁመታቸው ተለክቶ፣ የደም ግፊታቸውና የደም ስኳራቸው ታይቶ በጤና ባለሙያ የተላኩ አዋቂዎች ብቻ ሊሆኑ ይገባል። በአደባባይ የሚለጠፍ ቅስቀሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እንዲህ ያለ ሙከራ በከሚሴ ቢታሰብ ወጪው ከባድ አይደለም፤ አንድ አስተማማኝ ሚዛን፣ የቁመት መለኪያ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚመራ አንድ አወያይና በየሳምንቱ የማይለወጥ ቀን ይበቃዋል። ከባዱ ሌላ ነው። አባላቱ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መመዘን አለባቸው፤ በመካከል የቀሩትም በየሱቃቸውና በየቤታቸው ተፈልገው፣ እንደ ዕቁብ ባለዕዳ ሳይሆን በክብር ተጠይቀው፣ ክብደታቸው በዚያው መዝገብ ከጸኑት ጎን መግባት ይኖርበታል።