በጠፈር ፊልም ውስጥ ድምፅና ጥላ

እኛ የኢሉባቦር ቡሬ ልጆች ማለዳ ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ከማዶ ይሰማን ነበር። ድምፁን የሚያደርሰው አየር ነው። በጠፈር አየር ስለሌለ ድምፅ መሄጃ የለውም፤ ሆኖም ብዙ ፊልሞች እዚያ የፈነዳውን ሁሉ ያስጮኻሉ።

ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ለሕዝብ ባሳየው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ግን ተጓዡ ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሲሠራ የምንሰማው እስትንፋሱን ነው፤ በልብሱ ውስጥ አየር አለና። ሲገደል ሁሉ ጸጥ ይላል። ሞቱን የምናውቀው በዝምታው ነው። ጓደኛውም በፍንዳታ ተወርውሮ ወደ መንኮራኩሩ ሲገባ አንዳች አይሰማም፤ ድምፅ የሚጀምረው ክፍሉ አየር ሲሞላ ነው።

ለዓይንም እንዲሁ ነው። ሩቅ ኮረብታ ደብዝዞ ሰማያዊ የሚመስለን በአየሩ ምክንያት ነው። በጠፈር ግን ሩቁም ቅርቡም ጥርት ይላል፤ ጥላውም ድፍን ጥቁር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የመንኮራኩሩን ሞዴል ሲያነሡ የካሜራውን የብርሃን ቀዳዳ አጥብበው፣ ለእያንዳንዱ ምስል ረዥም ጊዜ ሰጡ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሞዴል ገንዘብ ይፈልጋል፤ ዝምታ ግን ዋጋ የለውም። ነገ ከመካከላችን ፊልም የሚሠራ ቢነሣ፣ ተመልካቹን በጩኸት ከማስደንገጡ በፊት «ይህ ድምፅ በምን በኩል ደረሰ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።