ዕለት ዕለት ማንበብና ማስተዋል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ይፋግ በተመለስን ጊዜ፣ አምስት ጓደኛሞች መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ ለማንበብ ተስማምተን ነበር። ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምረን በቀን አሥር ምዕራፍ እያነበብን በኩራት ገሠገሥን። ዘሌዋውያን ላይ ስንደርስ ግን አንዱን እርሻ ጠራው፣ ሌላውን እንቅልፍ አሸነፈው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁላችንም ተውነው። ጊዜ አጣን እንዳንል፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያለበትን የእጅ ስልክ ለሌላ ጉዳይ ከእጃችን አልለየነውም።

በጎረቤታችን አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። ጎሕ ሲቀድ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ይደግማሉ፤ በሬ የሚጠምዱት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ሳይሰለቹ እንዴት እንደ ጸኑ ሄደን ጠየቅናቸው። የነገሩን አባቶች የሠሩትን የዕለት ድርሻ ነው። 150ው መዝሙር፣ አሥር አሥሩ አንድ «ንጉሥ» እየተባለ፣ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ስለዚህ ደጋሚው «ዛሬ ስንት ላንብብ?» ብሎ ከራሱ ጋር አይከራከርም፤ ቀኑ ራሱ ይነግረዋል።

እኛም የተማርን ነን ባዮች፣ «አባታችን፣ የሚደግሙት ግዕዝ ይገባዎታል?» አልናቸው። ጥቂቱ እንጂ ሁሉም እንደማይገባቸው ሳያፍሩ ነገሩን፤ በአማርኛም እንድናነብላቸው ለመኑን። ቀኑ ሰኞ ነበርና ጻድቁን በውኃ ዳር ባለ ዛፍ የሚመስለውን የመጀመሪያውን መዝሙር አነበብንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጆቼ፣ የጻድቅ ሥራ የሚቃና ከሆነ፣ ደግ ሰው ሲቸገር የማየው ለምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ያን መዝሙር ስንት ጊዜ አንብበነዋል፤ እንዲህ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም። አፈርን።

ጥያቄውን ይዘን ወደ የኔታ ሄድን። የኔታ ፈገግ ብለው፣ መልሱ በዚያው በዳዊት ውስጥ ረቡዕ ዕለት እንደሚደርስ ነገሩን። 72ኛው መዝሙር ነው፤ በአንዳንድ እትም 73ኛ ተብሎ ይቆጠራል። በዚያ አሳፍ የክፉዎችን መመቸት አይቶ በመቅናቱ ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር፣ ወደ እግዚአብሔር መቅደስ እስኪገባም ነገሩ እንደ ከበደው ይናገራል። ረቡዕ ማለዳ ለአዛውንቱ አነበብንላቸው። ይህን መዝሙር በየሳምንቱ ሲደግሙት ኖረው፣ የገዛ ጥያቄያቸው እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። እኛ ደግሞ ቋንቋው እየገባን፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሚያደርስ ጽናት አልነበረንም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሁለቱንም ይዞ ነበር፦ በመንገድ ላይ ሳለ እንኳ ኢሳይያስን ማንበብ አላቋረጠም፤ አለማስተዋሉንም ከፊልጶስ አልሸሸገም። አቡ ሩሚ በካይሮ የተረጐመው ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 ከታተመ ወዲህ ቃሉን በምንናገረው ቋንቋ ማንበብ እንችላለን። ሆኖም መጽሐፉ በእጅ መኖሩ ጠያቂ አያደርግም።

እንግዲህ ከዚህ ሦስት ነገር ተምረናል። አንደኛ፣ ድርሻችን ጥቂትና የታወቀ ይሁን፤ እኛ አሁን በቀን አንድ መዝሙርና አንድ የወንጌል ምዕራፍ እናነባለን። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ቢያመልጠን በማግስቱ በአሥር ምዕራፍ ለመካስ አንሞክር፤ የዕለቱን ብቻ እናንብብ። ሦስተኛ፣ ያልገባንን በደብተር ጽፈን መምህራንን እንጠይቅ።

ዛሬም የምናስታጉልበት ቀን አለ። ሆኖም ክረምቱ አልፎ ወደ ትምህርታችን ስንመለስ አዛውንቱ፣ «የሚቀጥለውን ማን ያነብልኛል?» ብለውናል። በየሰፈራችን እንዲህ የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። እናንተ በቅርብ ያላችሁ፣ ሂዱና አንብቡላቸው፤ እነርሱም ጽናትን ያስተምሯችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።