ማስክ ወንፊት ነውን?

በመተማ ወረዳ በምትገኘው ኮኪት፣ በሚያዝያ ሙቀት የሕክምና ማስክ ያደረገ ሰው ማስኩን ላብ ቢያርስበት፣ አጥቦ ነገ ሊደግመው ያስብ ይሆናል። ይህ ግን አይበጅም። ለምን?

ኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ የለመድነው ይህ ማስክ 3 ንጣፎች አሉት። በዋናነት የሚያጣራው መካከለኛው ሲሆን፣ የሚሠራው እጅግ ከቀጠነ የፖሊፕሮፒሊን ክር ነው። በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት 0.1 ማይክሮሜትር ገደማ ከሆነው ቫይረስ ይሰፋል፤ ስለዚህ ማስክ ወንፊት አይደለም። ትላልቅ ብናኞች ከአየሩ ጋር መታጠፍ ተስኗቸው ከክሩ ይጋጫሉ፤ እጅግ ደቃቆቹ ወዲያ ወዲህ ሲዋልሉ ይነኩታል። ለመያዝ የሚያስቸግሩት 0.3 ማይክሮሜትር ገደማ የሆኑት ናቸው። ኤን-95 የተሰኘው ማስክም የሚፈተነው በዚህ መጠን ባሉ የጨው ብናኞች ነው፤ ቢያንስ 95 በመቶውን ማስቀረት ይኖርበታል።

እነዚህን ብናኞች ለመያዝ የሚረዳው በክሩ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ፀጉር ላይ የታሸ እስክሪብቶ ብጣሽ ወረቀት እንደሚስብ ማለት ነው። ሳሙናና አልኮል ይህን ሙል ያዳክሙታል። የታጠበው ማስክ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም የማጣራት ኃይሉ ቀንሷል።

እንግዲህ የጨርቅ ማስክ ይታጠብ፤ የራሰ የሕክምና ማስክ ግን ተወግዶ በአዲስ ይተካ።