ኮምፒውተራችን ሲነሳ ለምን ይዘገያል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኮምፒውተር ነው። «እኔ ኮምፒውተር የት አውቄ» ብለሽ ገጹን እንዳታልፊው። እኔም ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት እዚሁ ቤሩት ከመጣሁ በኋላ ነው።

በመሰብሰቢያ ክፍላችን ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሁድ የምናገኛት ሰዓት ትንሽ ናት። አንዷ ደብዳቤ ልትጽፍ፣ አንዷ የኢቃማ ወረቀቷን ልታትም፣ አንዷ ከልጇ ጋር ልትተያይ ትመጣለች። ኮምፒውተሩ ግን ለመነሳት ብቻ 11 ደቂቃ ይፈጅ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ 11 ደቂቃ። ወረፋ የያዘችው ሳይደርሳት ወደ ማዳም ቤት መመለሻዋ ይደርሳል።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ችግር ገንዘብ አዋጥተን ሱቅ ወሰድነው። ሠራተኛው ምንም ሳይጠይቀን ፎርማት አደረገው። ለጥቂት ሳምንት ፈጠነ፤ ውስጡ የነበረው ሁሉ ግን ጠፋ። አንዲት እህታችን የሞቱትን እናቷን ፎቶዎች ያስቀመጠችው እዚያ ላይ ነበር። ስልኳ ተሰብሮባት ስለነበር ሌላ ቦታ አልነበራትም። እኛም «ውስጡ የሰው ንብረት አለ» ብለን አልተናገርንም። ስለዚህ ትምህርቱን ከዚህ እጀምራለሁ።

1ኛ. ከሁሉ በፊት መገልበጥ

ኮምፒውተር ከመነካቱ በፊት ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ የፓስፖርትና የኮንትራት ኮፒው ወደ ፍላሽ ይገልበጥ። ሱቅ ከሄደም «ሳትጠይቁን ፎርማት እንዳታደርጉ» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። በተለይ ኬዙ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ስለ ፍጥነት አታስቢ፤ ቶሎ ገልብጪ።

2ኛ. የት ላይ እንደሚቆይ ማየት

የስልክሽን ሰዓት ይዘሽ ቁጭ በይ። የሚቆይበት ቦታ በሽታውን ይነግርሻል።

ሀ) የዊንዶውስ ምልክት ሳይመጣ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ ከቆየ፦ መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀይ። አንዳንድ ኮምፒውተር ከፍላሹ ልነሳ ብሎ ይሞክርና ጊዜ ይፈጃል። ቀጥሎ ቀንና ሰዓቱን እዪ። ባጠፋሽው ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ሲነሳ «ኤፍ 1 ተጫኑ» እያለ የሚቆም ከሆነ፣ ውስጡ ያለችው ትንሽ ክብ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፤ ባለ 3 ቮልት ስትሆን የሳንቲም ቅርጽ አላት። ስትቀየር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ገመዱ ከሶኬት መነቀል አለበት።

ለ) የዊንዶውስ ምልክት መጥቶ ክቧ እየዞረች ከቆየ፦ «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉ» የሚል ከሆነ በትዕግሥት ተዪው። እንደዚህ ካላለና ሁልጊዜ እዚያ ላይ የሚቆይ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን መመርመር ነው። ከተነሳ በኋላ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ገብተሽ «ሲ» የሚለውን በማውዙ ቀኝ ጫፍ ተጫኚ፤ ከዚያ ፕሮፐርቲስ፣ ቱልስ፣ ቼክ። የተበላሸ ነገር ካገኘ ራሱ ላስተካክል ይልሻል።

ሐ) ፓስዎርድ ከገባ በኋላ ማውዙ እየዞረ ምንም አልከፍት ካለ፦ የኛ ኮምፒውተር ዋናው በሽታ ይሄ ነበር። ለዚህ ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

3ኛ. ሳይጠሩ የሚመጡ ፕሮግራሞች

እንግዳ የበዛበትን ቀን አስቢ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ አንዱ ቡና፣ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ሻይ ቢልሽ ማንንም ቶሎ አታስተናግጂም። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ሲጫኑ «ኮምፒውተሩ ሲነሳ እኔም ልነሳ» ብለው ራሳቸውን ያስመዘግባሉ። የኛ ላይ 14 ነበሩ። ስካይፕ እንኳ በሜይ 2025 አገልግሎቱ ተዘግቶ ሳለ በየእሁዱ እየተነሳ ቦታ ይይዝ ነበር።

መፍትሔው፦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ «ሞር ዲቴይልስ» በይው። «ስታርትአፕ» የሚለውን ስትከፍቺ ስማቸው ተዘርዝሮ ታዪያለሽ። የማትፈልጊውን በማውዙ ቀኝ ጫፍ ተጫኚና «ዲሴብል» በይ። አትፍሪ፣ ይሄ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። በፈለግሽው ሰዓት ራስሽ ትከፍቺዋለሽ። አንቲቫይረሱንና ምን እንደሆነ የማታውቂውን ግን አትንኪ። እኛ ዘጠኙን ብቻ ዲሴብል አድርገን 11 ደቂቃው ወደ 6 ወረደ።

4ኛ. ጓዳና ጠረጴዛ

ሃርድ ዲስክ ማለት ጓዳ ነው፣ ዕቃው ሁሉ የሚቀመጥበት። ራም ማለት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው፣ አሁን የምትሠሪበት። ጠረጴዛው ጠባብ ከሆነ በየደቂቃው ወደ ጓዳ መመላለስ ነው። የኛ ኮምፒውተር ራም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ለዛሬ ዊንዶውስ በጣም ጠባብ ነው። ጓዳውም ሞልቶ ነበር። ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ሁለቱ ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው። ስለዚህ የማያስፈልገውን ፊልም ሁሉ አጠፋን፣ «ሪሳይክል ቢን» የሚባለውንም ባዶ አደረግን።

ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን ዲስኩን መቀየር ነው። የድሮው ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንዲት እጅ በላዩ እየተመላለሰች ታነባለች። አዲሱ ኤስኤስዲ የሚባለው ምንም የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ ለዚህ ነው የሚፈጥነው። ታስክ ማናጀር ላይ «ዲስክ 100 በመቶ» እያለ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግሩ የድሮው ዲስክ መዘግየት ነው። በዚህ ዓመት እንደገና አዋጥተን አነስተኛ ኤስኤስዲ አስገባን። አስቀድመን ግን ሁሉን ገለበጥን! አሁን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል።

5ኛ. መብራት

የመንግሥት መብራት ሄዶ ወደ ኢሽቲራክ እስኪዞር ድረስ ለጥቂት ሴኮንድ ይጠፋል። ለእኛ ትንሽ ነው፣ እየጻፈ ላለ ዲስክ ግን አደጋ ነው። እንዲህ ሲደጋገም ፋይል ይበላሻል፣ ኮምፒውተሩም ሲነሳ እየመረመረ ይቆያል። ስለዚህ ሥራሽን ስትጨርሺ ከሶኬት አትንቀይ፤ «ሻት ዳውን» ብለሽ አጥፊ። መብራት የሚሄድበትን ሰዓት ካወቅሽ ቀድመሽ አጥፊው።

6ኛ. መጠንቀቅ ያለብን

«ኮምፒውተርሽ ቫይረስ አለበት፣ በዚህ ቁጥር ደውዪ» እያለ ስክሪን ላይ የሚወጣውን አትመኚ፤ የአጭበርባሪ ሥራ ነው። «ኮምፒውተር አፍጣኝ» የሚባሉትንም አትጫኚ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አይጫን፤ ዊንዶውስ 10ና 11 የራሳቸው አላቸው። ግን የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ የኛም ወደፊት መታሰብ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄን ተማርኩ ብለሽ የማዳምን ወይም የሚስተርን ኮምፒውተር ሳይፈቀድልሽ እንዳትነኪ። አንድ ፋይል ቢጠፋ «አንቺ ነሽ» መባል ይመጣል። በኛም ኮምፒውተር ላይ ፌስቡክሽንና ኢሜይልሽን ሳትዘጊ አትነሺ።

ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ከጸሎት በኋላ ለሦስት ለሦስት ሰው 15 ደቂቃ አሳያችኋለሁ። ፍላሽ ያላት ይዛ ትምጣ።

ያቺ እህታችን ወንድሟ ከሀገር ቤት የእናቷን አንድ ፎቶ ፈልጎ ልኮላታል። ባለፈው እሁድ በሁለት ፍላሽ ገልብጠንላታል፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው።

ቸር ይግጠመን።